ለተራራ አደን የሚሆን ጫማ አመራረጥና አለማመድ

ጥያቄ፦ በኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ በኦክቶበር አጋማሽ ወደ ፍላት ቶፕስ ተራሮች ኤልክ ለሚባለው ትልቅ የአጋዘን ዝርያ አደን ይዘውኝ ሊሄዱ ነው፤ የቀረኝ ጊዜ ሰባት ሳምንት ነው። ልጅነቴን ገጠር በባዶ እግሬ ስላሳለፍኩ እግሬ ከፊቱ ሰፊ፣ ከተረከዙ ቀጭን ነው፤ የምጫማው 43 ቁጥር ነው። ባልደረቦቼ አንድ ቁጥር አስበልጬ እንድገዛ፣ ብርዱን እንዲከላከልልኝ ባለ 800 ግራም ሙቀት ጠባቂ እንዲሆን፣ ቆዳውንም ውሃ ውስጥ ነክሬ እግሬ ላይ እንዳደርቀው ይመክሩኛል። መጋዘን የምሠራበት ባለ ብረት አፍንጫ ጫማ አይበቃኝም ወይ? ለአንድ ጫማ 500 ዶላር ማውጣትስ ተገቢ ነው?

ምላሽ፦ ጥያቄዎ አምስት ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ያዘለ ቢሆንም ሁሉም የሚንጠለጠሉት በአንድ ነገር ላይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ጫማን ከእግር ጋር በማስማማት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ተራራ ላይ እግራቸው ቆስሎ አደናቸውን አቋርጠው ከሚመለሱት ሰዎች ብዙዎቹ ያደረጉት መጥፎ ጫማ ሳይሆን ለሌላ ሰው እግር የሚሆን ጥሩ ጫማ ነው። ይህንን የቅርጽ አለመስማማት ደግሞ ማላመድ አያስተካክለውም። ማላመድ የሚለውጠው ከሚታሰበው በታች ነው፤ ጣቶች በሚታጠፉበት መስመር ላይ ያለውን ቆዳ ያለሰልሳል፣ በቁርጭምጭሚት ዙሪያ ያለውን የጫማውን አንገት ያላላል፣ ምላሱንም ቦታ ቦታውን ያስይዘዋል። የፊቱን ስፋት፣ የተረከዙን መቀመጫ ጥበትና የሶሉን ርዝመት ግን ሰባት ሳምንት ቀርቶ ሰባት ወር ቢሄዱበት እንደነበረ ያገኙታል። ስለዚህ ከሰባቱ ሳምንታት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለመምረጥ ብቻ ይስጡ፤ አንድ ቅዳሜ ሙሉ በሁለትና በሦስት ሱቆች ቢዞሩ ያተረፉ እንጂ ያባከኑ አይምሰልዎ።

የጫማውን ዓይነት የሚወስነው የሚረግጡት መሬት ነው። ፍላት ቶፕስ በሰሜን ምዕራብ ኮሎራዶ የሚገኝ፣ አናቱ ሰፊና ደልዳላ፣ ወደ አናቱ የሚያወጡት ጎኖቹ ግን እጅግ ተዳፋት የሆኑ ስፍራ ሲሆን፣ የአደኑ አብዛኛው ክፍል ከ2,400 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ ይካሄዳል። በ1939 በዚህ አካባቢ የተነሣ ከባድ ነፋስ ብዙ የስፕሩስ ዛፎችን ገነደሰ፤ በወደቁት ግንዶች ውስጥ የተራባው ቅርፊት በል ጥንዚዛም በ1940ዎቹ ወደ ቆሙት ዛፎች ተሻግሮ እጅግ ሰፊ ደን አደረቀ። ከዚያ ወዲህም የጥንዚዛ ወረርሽኝ በኮሎራዶ ደኖች ውስጥ ስላልቆመ፣ በጫካው ውስጥ አንዱ በሌላው ላይ የተጋደሙ ግንዶች ይጠብቁዎታል። ኤልኩ የመጀመሪያው የተኩስ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ሜዳውን ትቶ የሚደበቀው እንዲህ ባለው ጨለማና ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነው። እዚያ የተጠረገ መንገድ የለም። ግንድ ላይ ይወጣሉ፣ ከግንድ ላይ ይወርዳሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተዳፋቱን አግድም እየቆረጡ ለሰዓታት ይጓዛሉ፤ በዚህ ጊዜ እግርዎ በጫማው ውስጥ ወደ ቁልቁለቱ ጎን ሊንሸራተት ይታገላል። ጫማን የሚፈትነው ዳገቱ ሳይሆን ይህ የአግድም ጉዞ ነው።

ባልደረቦችዎ ምናልባት ያልነገሩዎት ሌላ ነገርም አለ። ትልቅ ወንድ ኤልክ ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አጥንቱ ተለይቶ ሥጋው ብቻ ሲቀር እንኳን ወደ 100 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ይሆናል። ፈረስ ወይም በቅሎ ካልተከራያችሁ በስተቀር ይህ ሁሉ የሚወርደው በሰው ጀርባ፣ በአንድ ምልልስ ከ25 እስከ 35 ኪሎ እየተሸከሙ ነው። ጫማዎን ሲመርጡ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት በቀላል ዕቃ የሚያደርጉትን ጉዞ ሳይሆን፣ ደክሞዎት፣ ምናልባትም መሽቶ፣ ሥጋ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱበትን ሰዓት አስበው ይምረጡ።

ከዚህ ተነሥቼ የመጋዘኑን ጫማ ጉዳይ በአጭሩ ልዝጋው፤ አይበቃዎትም። የብረቱ አፍንጫ ሙቀትን ከጣቶችዎ እየሳበ ወደ ውጭ ያወጣል፤ ቁልቁል ሲወርዱም ጣቶችዎ ከማይለጠጥ ግድግዳ ጋር ይጋጫሉ። የሥራ ጫማ ሶል በአብዛኛው በዘይትና በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ እንዳያንሸራትት ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ጥርሶቹ ጥልቀት የላቸውም፤ በበረዶና በጭቃ ላይ የሚነክሰው ነገር አያገኝም። ለስምንት ሰዓት የመጋዘን ሥራ ምቹ መሆኑ ለተዳፋት ምስክር አይሆነውም።

ስለ ሶል ካነሣን አይቀር፣ በብዙ የተራራ ጫማዎች ሥር የሚያዩት ቪብራም የሚለው ምልክት የመጣው ቪታሌ ብራማኒ ከተባለ ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ነው። በ1935 በጣሊያን አልፕስ ስድስት ባልንጀሮቹ በማዕበልና በብርድ ከሞቱበት በኋላ፣ በዚያን ዘመን ይደረግ ከነበረው ሚስማር የተመታበት የቆዳ ሶል የተሻለ ነገር መፈለግ ጀመረ፤ በ1937ም ጥልቅ ጥርስ ያለውን የጎማ ሶል አወጣ። ዛሬ ይህንን ዓይነት ሶል ብዙ አምራቾች ስለሚሠሩት ከምልክቱ ይልቅ ሦስት ነገሮችን በእጅዎ ይፈትሹ። አንደኛ፣ የጥርሶቹ ጥልቀትና በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጭቃ የሚያራግፍ መሆኑን ይመልከቱ። ሁለተኛ፣ ተረከዙ ላይ ቁልቁል ሲወርዱ የሚይዝ ግልጽ እርከን መኖሩን ይዩ። ሦስተኛውና ዋነኛው የሶሉ ጥንካሬ ነው፤ ጫማውን በሁለት እጅዎ ይዘው እንደሚጨመቅ ልብስ ይጠምዝዙት። በቀላሉ የሚጠመዘዝ ከሆነ ተዳፋቱን አግድም ሲቆርጡ የእርስዎ ቁርጭምጭሚት ይጠመዘዝለታል ማለት ነው።

የጀርመን አምራቾች ይህንን ጥንካሬ ከኤ እስከ ዲ በሚደርሱ ደረጃዎች ይከፍሉታል። ኤ ለተጠረገ መንገድና ለእግር ሽርሽር ነው፤ ዲ ደግሞ በበረዶ ግግር ላይ ጥርሳም ብረት አስረው ለሚወጡ ሰዎች ነው። በመካከል ያለው ቢ ለእርስዎ ጉዞ ተስማሚ ነው ብዬ አምናለሁ። በአደን ጫማ ገበያ ውስጥ ከዚህ ከፍ ያለውን፣ እንጨት የሚመስለውን ጫማ የሚያሞግሱ ብዙ ሰዎች ያጋጥሙዎታል፤ እርሱ ግን ለዓለታማ ገደልና ለዱር በግ አደን የተሠራ ነው። በፍላት ቶፕስ ሣርና ጫካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ጀማሪ ጥቅሙ ከክብደቱ አይበልጥም፤ ለማላመድም በእጅዎ ያለው ጊዜ አይበቃዎትም። ክብደት ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ በጫማ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 100 ግራም ለመራመድ የሚወጣውን ጉልበት እስከ 1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር በወታደሮች ጫማ ላይ በተደረጉ ጥናቶች ታይቷል፤ ያው ክብደት በጀርባ ቢሆን ኖሮ ዋጋው ከዚህ እጅግ ያነሰ በሆነ ነበር።

አሁን ወደ እግርዎ ቅርጽ ልምጣ። በባዶ እግር ያደጉ ሰዎች የፊት እግራቸው ሰፊ፣ ጣቶቻቸውም የተዘረጉ መሆናቸው በተለያዩ አገሮች በተደረገ የእግር ልኬት የታወቀ ነው፤ ጉድለት አይደለም፣ እንዲያውም ተዳፋት ላይ ሚዛን ለመጠበቅ የሚረዳ ጸጋ ነው። ችግሩ ያለው በጫማው ቅርጽ በኩል ነው። ብዙ ፋብሪካዎች ፊቱን ሲያሰፉ ተረከዙንም አብረው ያሰፉታል፤ ሰዎችም የፊት ጥበትን ለማምለጥ በቁጥር ይጨምራሉ። የባልደረቦችዎ ምክር እዚህ ላይ ነው የሚያሳስትዎት። አንድ ሙሉ ቁጥር ሲጨምሩ ፊቱ በጥቂት ሚሊሜትር ይሰፋልዎታል፤ በምትኩ ግን ጫማው መታጠፍ ያለበት ቦታ ከጣቶችዎ መጋጠሚያ አልፎ ወደፊት ይሄድና ቆዳው በማይገባው ስፍራ እየተሰበረ ጣቶችዎን ይጫናል፣ ቀጭኑ ተረከዝዎም በእያንዳንዱ እርምጃ ከመቀመጫው ይነሣል። በርዝመት ላይ ግማሽ ቁጥር መጨመር ለብዙ ሰው ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈውን ሥራ ግን ቁጥር ሳይሆን ስፋት ነው የሚሠራው።

በአሜሪካ የስፋት ልክ በፊደል ይነገራል፤ ለወንዶች መካከለኛው ዲ፣ ሰፊው ዳብል ኢ ነው። ሱቅ ሲገቡ 43 ቁጥር ስጡኝ ከማለት ይልቅ ብራኖክ በሚባለው የብረት መለኪያ ሁለቱንም እግሮችዎን ቆመው ያስለኩ። ይህ መሣሪያ ከተረከዝ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን ከተረከዝ እስከ ጣቶች መጋጠሚያ ያለውን ርቀትና ስፋቱንም ይለካል፤ ሁለቱ ርዝመቶች ካልተስማሙ ጫማው የሚመረጠው በሚበልጠው ነው። ብዙ ሰው አንዱ እግሩ ከሌላው ይረዝማል፤ ለረዘመው ይግዙ። የሚለኩትም ከሰዓት በኋላ ሲመሽ፣ ቀኑን ቆመው ከዋሉ በኋላ ይሁን፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ሸክም ሲጨመርበት ደግሞ ይረዝማልም ይሰፋልም። ለአደን የሚያደርጉትን ካልሲ ራሱን ይዘው መሄድዎን አይርሱ።

ጫማውን ካጠለቁ በኋላ ክሩን ሳያስሩ እግርዎን ወደፊት ገፍተው ጣቶችዎ አፍንጫውን ሲነኩ፣ ከተረከዝዎ በስተኋላ አንድ ጣት በደንብ መግባት አለበት። ከዚያ ተረከዝዎን ወደ ኋላ መትተው አጥብቀው ይሰሩትና በሱቁ ውስጥ ያለውን ተዳፋት መፈተኛ ይውጡ ይውረዱ፤ መፈተኛ ከሌለ ደረጃ ይበቃል። ሲወጡ ተረከዝዎ በጣም ጥቂት ቢነሣ አዲስ ጫማ ስለሆነ ይታገሡታል፤ ከዚያ በላይ የሚነሣ ከሆነ ግን ጫማው የእርስዎ አይደለም። ሲወርዱ ጣትዎ አፍንጫውን አንዴ እንኳን ከነካ፣ ሥጋ ተሸክመው ሁለት ሰዓት ሲወርዱ የአውራ ጣትዎ ጥፍር ጠቁሮ ይወልቃል። ሻጩ «ሲያደርጉት ይሰፋል» ካለዎት ስለ ቁርጭምጭሚቱ ከሆነ ይመኑት፤ ስለ ርዝመቱ ከሆነ አመስግነው ይውጡ።

በእርስዎ ቅርጽ ላሉ እግሮች ሰፊውን ልክ ለይተው የሚያመርቱትን መፈለግ ጊዜ ይቆጥባል። ኬኔትሬክ የተራራ ጫማዎቹን በጠባብ፣ በመካከለኛና በሰፊ ልክ ያቀርባል፤ ዳነር አንዳንዶቹን የአደን ጫማዎች በዳብል ኢ ይሠራል፤ ከጀርመኖቹም ሎዋና ማይንድል ሰፊ ቅርጽ ያላቸው ሞዴሎች አሏቸው። ይህንን የምጠቅሰው የትኛውን እንዲሞክሩ እንጂ የትኛውን እንዲገዙ አይደለም፤ ከእነዚህ አንዱም እግርዎን ላይቀበል ይችላል።

ፊቱ ልክ ሆኖ ተረከዙ ጥቂት ከላላብዎት የክር አስተሳሰር ብዙ ያግዛል። ከእግር ጀርባ ላይ ያለውን ክፍል ለጣቶችዎ እንዲመች ላላ አድርገው ያስሩና፣ ጫማው ወደ ቁርጭምጭሚት በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክሩን ሁለት ጊዜ አጠላልፈው አንድ ቋጠሮ ያበጁ፤ ይህ ቋጠሮ የታችኛውንና የላይኛውን ጥብቀት ስለሚለያይ ተረከዝዎ ወደ ኋላ ተስቦ ይቀመጣል። ዳገት ሲወጡ የላይኛውን መንጠቆ ፈታ ያደርጉታል፤ ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ደግሞ ቆም ብለው ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ያጠብቁታል። ለዚህ ሁለት ደቂቃ መስጠት ብዙ አዳኝ የሚሰለቸው ነገር ነው፤ የጥቁር ጥፍር ዋና ምክንያትም እርሱ ነው። ከጫማው ጋር የሚመጣው የውስጥ ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ስስ ስፖንጅ ነው፤ ጠንከር ባለና የተረከዝ ጎድጓዳ ባለው ንጣፍ ቢተኩት ተረከዝዎ ይበልጥ ይረጋል፤ የሚተኩት ግን ጫማውን በሚሞክሩበት ቀን ነው፤ ውፍረቱ የጫማውን ልክ ስለሚለውጠው።

የ800 ግራሙን ነገር በተመለከተ በቅድሚያ አንድ ስህተት መታረም አለበት። ቲንሱሌት በሚባለው ሙቀት ጠባቂ ላይ የሚጻፈው 200፣ 400 ወይም 800 ግራም በአንድ ጫማ ውስጥ የገባው መጠን ሳይሆን የጨርቁ አንድ ካሬ ሜትር የሚመዝነው ክብደት፣ በሌላ አነጋገር የውፍረቱ ልክ ነው። ባለ 800 ጫማ የተሠራው አንድ ቦታ ተቀምጦ ለሚጠብቅ አዳኝ ነው። እርስዎ ግን ዳገት ይወጣሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እግርዎ በላብ ይርሳል። የራሰ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስም በቀላሉ ይላጣል፤ ቆም ብለው በባይኖኩላር ማየት ሲጀምሩ ደግሞ ያ ላብ ይቀዘቅዝና ይበርድዎታል። ብርዱ የመጣው ከውጭ ይመስልዎታል፣ የመጣው ግን ከውስጥ ነው። በኦክቶበር አጋማሽ በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ቢወርድና በረዶ ቢጥልም፣ ለሚንቀሳቀስ ሰው ሙቀት ጠባቂ የሌለው ወይም ባለ 200 የሆነው ይበቃል። ባለ 400ውን የምመክረው ለኖቬምበር አደን ወይም እግሩ በተፈጥሮው ቶሎ ለሚቀዘቅዝ ሰው ብቻ ነው።

እግር የሚበርደው የደም ዝውውር ሲጨናነቅም ነው። ሰዎች ሲበርዳቸው ሁለተኛ ወፍራም ካልሲ ይደርባሉ፤ ልኩ በአንድ ካልሲ የተመጠነ ጫማ ውስጥ ይህ ሲሆን ደም ስሮች ይጨመቃሉ፣ አየሩም ይጠፋል፣ እግሩም ከበፊቱ የባሰ ይቀዘቅዛል። መካከለኛ ውፍረት ያለው የሜሪኖ ሱፍ ካልሲ፣ ከሥሩም ቢፈልጉ በጣም ስስ የሆነ ሌላ ካልሲ ያድርጉ፤ ጥጥ ግን ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ቤትዎ ይቅር። በቀን መካከል የሚቀይሩት ደረቅ ካልሲ በቦርሳዎ መያዝ ከ600 ግራም ሙቀት ጠባቂ የበለጠ ያሞቅዎታል።

ውሃ የማያስገባውን ጎርቴክስን በተመለከተ ለዚህ ወቅት እንዲኖረው እመክራለሁ፤ ቀልጦ የሚረግፍ በረዶና የረጠበ ሣር ስለሚበዛ። ውሃ በአንገቱ በኩል ከገባ ግን ያው ሽፋን ውሃውን ውስጥ አስቀርቶ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ገምባሌ አብሮ ይገዛ። ጫማውንም ቢሆን ከጨርቅ ይልቅ የቆዳውን ድርሻ የሚያበዛውን ይምረጡ፤ የወደቀ ግንድ ስንጥር ጨርቅን በአንድ ቀን ሊበሳው ይችላል፤ ወፍራም ቆዳን ግን ከመጫር አያልፍም።

ወደ ማላመዱ ስንመጣ፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ እግር ላይ ማድረቅ የድሮ ወታደሮች ምክር ነው። በዚያን ጊዜ ጫማው ሁሉ ቆዳና ስፌት ስለነበር የተወሰነ ትርጉም ነበረው። የዛሬው የተራራ ጫማ በማጣበቂያ የተያያዘ የጎማ ልባስ፣ የስፖንጅ ሽፋንና ውሃ መከላከያ ያለው ስለሆነ ከመንከሩ የሚያገኙት ነገር የለም፤ ቆዳው ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ቅባቱን ያጣል፣ የእርስዎም እግር ለሰዓታት በእርጥበት ይቦካል። በፀጉር ማድረቂያ፣ በምድጃ ወይም በእሳት ዳር ማሞቅም እንዲሁ ቆዳውን ይሰነጥቃል፣ ማጣበቂያውንም ያላቅቃል።

በእጅዎ ያለው ጊዜ ግን ዛሬ ከጀመሩ በቂ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጫማውን እንደገዙ፣ ቤት ውስጥ ብቻ፣ ንጹሕ ወለል ላይ፣ ማታ ማታ አንድና ሁለት ሰዓት ያድርጉት፤ ብዙ ሱቆች ውጭ ያልተረገጠበትን ጫማ ስለሚመልሱ ይህ ሳምንት የመጨረሻው የመመለሻ ዕድልዎ ነው። አንድ ቦታ ላይ ዘወትር የሚጫንዎት ከሆነ በይሉኝታ አይያዙ፤ ይመልሱት። በሁለተኛው ሳምንት ገበያ ሲሄዱና በቼሪ ክሪክ መናፈሻ ሜዳ ላይ ሲራመዱ ያድርጉት። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ተዳፋት ያስፈልግዎታል፤ ሌክውድ ያለው ግሪን ማውንቴን ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፤ ሞሪሰን አጠገብ ያለው ማውንት ፋልከንም እንዲሁ። ቦርሳዎ ላይ ስድስትና ሰባት ኪሎ ይጫኑ፤ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች ከሁሉ ይመቻሉ፣ ከደከመዎት አፍስሰው ይወርዳሉ።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳምንት ሸክሙን ወደ 15 ኪሎ ከፍ አድርገው ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ አጠገብ ወዳለው የማኒቱ ኢንክላይን ይሂዱ። ከ2,700 በላይ ደረጃዎች ያሉትና 600 ሜትር ገደማ ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ ቦታ አስቀድሞ ማስያዝ ያስፈልጋል። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋናው መውጣቱ ሳይሆን መመለሻው ነው፤ በደረጃው መውረድ ስለማይፈቀድ በባር ትሬይል ጠመዝማዛ መንገድ ይወርዳሉ፣ ጣትዎ አፍንጫውን ይነካ እንደሆነ የሚያውቁትም በዚያ ቁልቁለት ላይ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ መሄድ በሚፈቀድበት የብሔራዊ ደን መሬት ላይ ከመንገድ ወጥተው ሣር ለሣር፣ አግድም አግድሙን ይሂዱ፤ ይህንን ሳያደርግ ወደ አደን የሚሄድ ሰው ብዙ ስለሆነ አጥብቄ አሳስባለሁ። በድምሩ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ የቢ ደረጃ ጫማ እጅ ይሰጣል። በመጨረሻው ሳምንት ምንም አዲስ ነገር አያድርጉ፤ ካልሲም ሆነ ንጣፍ አይቀይሩ፤ ጥፍርዎን ከመሄድዎ ሦስትና አራት ቀን በፊት ቀጥ አድርገው ይቁረጡ።

የእነዚህ ሁሉ ሳምንታት ግማሹ ዓላማ ጫማውን ሳይሆን ቆዳዎን ማላመድ ነው። በልጅነትዎ የነበረው ወፍራም የእግር ቆዳ ዓመታት በጫማ ውስጥ ሲያልፉ ሳስቷል፤ ትዝታው እንጂ መከላከያው የለም። እግር ውሃ የሚቋጥረው ላዩ ከካልሲው ጋር ተጣብቆ ሲቆይ አጥንቱ ከውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚሄድ፣ በመካከል ያለው የቆዳ ሽፋን ተቀዶ ፈሳሽ ስለሚሞላው ነው። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ የሚያቃጥል ስሜት ይቀድማል። በልምምድ ጉዞዎ ላይ የሚያቃጥልዎት ቦታ የት እንደሆነ ያስታውሱት፤ በአደኑ ቀን ጠዋት፣ ገና ምንም ሳይሰማዎት፣ እዚያ ቦታ ላይ ጠንካራ የስፖርት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ጠርዙን በመቀስ ክብ ያድርጉት፣ ማዕዘን ያለው ፕላስተር ይጠቀለላል። ጉዞ ላይ ማቃጠል ከጀመረዎት «እዚያ ጉብታ ላይ ስደርስ» አይበሉ፤ ባልደረቦችዎ ቢጠብቁዎትም እዚያው ቁጭ ብለው ይለጥፉት። ውሃ ከቋጠረና ትንሽ ከሆነ አይንኩት። ትልቅ ሆኖ መራመድ ከከለከለዎት ብቻ በንጹሕ መርፌ ከጠርዙ ወግተው ፈሳሹን ያውጡ፣ ቆዳውን ግን አይላጡት፣ ይሸፍኑት። የስኳር ሕመም ወይም የእግር መደንዘዝ ያለበት ሰው ይህንን በራሱ እንዳያደርግ፣ ከጉዞውም በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር እለምናለሁ።

ስለ ቅባት ብዙ አልልም። ሊስትሮ የሚቀባው ቀለም ያሳምራል እንጂ የበረዶ ውሃን አይችልም፤ ሞራና ቅቤም ቆዳውን ከልክ በላይ ያለሰልሱታል፣ ይበላሻሉ፣ የጫካ አይጥም ይጠራሉ። አምራቹ ለዚያ ቆዳ የሚያዘውን ሰም በስሱ፣ ስፌቱ ላይ ደግሞ ጠቀም አድርገው ይቀቡ። ካምፕ ውስጥ የረጠበ ጫማ ንጣፉን አውጥተው፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት፣ ጋዜጣውን እየቀያየሩ ከምድጃው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ሌሊት ከድንኳን ውጭ አይደር፤ የረጠበ ቆዳ ሲቀዘቅዝ እንደ ድንጋይ ስለሚሆን ጠዋት እግር አያስገባም።

የመጨረሻው ጥያቄዎ የ500 ዶላሩ ነው። ልክዎ የሆነ የ280 ዶላር ጫማ ልክዎ ካልሆነ የ500 ዶላር ጫማ በሁሉም መንገድ ይበልጣል፤ በዚህ ላይ የምደራደርበት ነገር የለኝም። ሁለቱም ልክ ከሆኑልዎት ግን ውዱ በአብዛኛው ወፍራም ቆዳ፣ ዙሪያውን የተጠቀለለ የጎማ ልባስና ሲያልቅ የሚቀየር ሶል ስላለው፣ በየዓመቱ የሚያድን ሰው ወጪውን ያካክሳል። እርስዎ አደኑን እንደሚወዱት ገና አያውቁም። ስለዚህ 300 ዶላር ገደማ ለጫማው መድበው ቀሪውን ለሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ፣ ለውስጥ ንጣፍና ለገምባሌ ቢያውሉት ይሻላል ባይ ነኝ። ዋጋውን ለመቀነስ ብለው ግን ከኢንተርኔት «አዲስ፣ ያልተደረገ» ተብሎ የሚሸጥ የቆየ ጫማ አይግዙ፤ በብዙ የተራራ ጫማዎች ሶል ውስጥ ያለው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ስፖንጅ ባይደረግም በአየር እርጥበት እየተበላ ከዓመታት በኋላ ስለሚፈረፍር፣ ከውጭ ሲያዩት እንከን የሌለው ጫማ ተራራ ላይ በሁለተኛው ቀን ሶሉ ሊገነጠል ይችላል። የጓደኛ ጫማ በስጦታ ካገኙም መቼ እንደተገዛ ይጠይቁ፤ የሶሉን ጎን በአውራ ጣትዎ ጥፍር ተጭነው ከተሰነጣጠቀ ወይም እንደ ዱቄት ከረገፈ ይተዉት።